ግቢው አጠገብ አድጌ ግቢ እስክገባ

ያደግሁት አፍንጮ በር ነው። ከቤታችን ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጅ ሆኜ ባመመኝ ቁጥር እማዬ የካቲት 12 ሆስፒታል ትወስደኛለች፤ የምናልፈው በዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ነው። አንበሳ ግቢን ከትምህርት ቤት ጋርም ከአክስቴ ጋርም አይቼዋለሁ። የሰዎቹን ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ግን እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ እግሬ ረግጦት አያውቅም። በሩ ላይ ጥበቃዎች አሉ። መታወቂያ ይጠይቃሉ። እኔ መታወቂያ የለኝም። አለቀ።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ «ግቢ ገባ» ይባላል። ለእኛ ሰፈር ልጆች ቃሉ ትንሽ ያስቃል። ግቢው እዚያው ቆሟል፤ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ግን አጠገባችን አልነበረም። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለቱም «በርቺ፣ ተማሪ» ከማለት ሌላ ምን ብለው እንደሚመክሩኝ ይቸግራቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዩኒቨርሲቲ ጋር ትስስር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው ነው። አጋር ትምህርት ቤት፣ ጉድኝት፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ ስሙ ብዙ ነው። እኔ በአንዱ ፕሮግራም ሁለት ዓመት አልፌያለሁ። ጠቅሞኛል። የጠቀመኝ ግን ሲጀመር በተነገረን መንገድ አይደለም። የተነገረን ነገር አንዳንድ ጓደኞቼን ጎድቷል። የትምህርት ቤቴንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠራም፤ ወቀሳ ስላለበት።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዩኒት ሊደራችን ቢሮ በር ላይ ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ማኅተም ያለው። የዩኒቨርሲቲው አንድ ትምህርት ክፍል ከአራት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ሠላሳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መርጦ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል ይላል። አነበብኩት፤ አለፍኩት። ከክፍል ዘጠነኛ ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር አንደኛና ሁለተኛ ለሚወጡት ነው ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ሳጣራ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣውም ልጅ አልተመዘገበችም። እሷ ደግሞ «ይሄ ለደከሙ ተማሪዎች ነው» ብላ አስባለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ ወረቀት ለጎበዞች ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ለሰነፎች ነው ተብሎም ይታለፋል።

ያስመዘገቡኝ የሒሳብ ቲቸራችን ናቸው። ሐሙስ ዕለት ከክፍል ስወጣ ጠሩኝና «አንቺ አልሞላሽም?» አሉኝ። መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል። የሚያስፈልገው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ውጤት፣ ከአንድ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ፣ የወላጅ ፊርማና በራስ እጅ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነበር። ለምን መሳተፍ እንደምትፈልጉ ግለጹ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በዚህች ግማሽ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት በአሥር ደቂቃ ነው። «ሐኪም ሆኜ አገሬንና ሕዝቤን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ቲቸር አንብበው ሲመልሱልኝ ምንም አልተቆጡም። «ይሄንን ስንት ሰው የጻፈ ይመስልሻል?» ብቻ አሉኝ። ከዚያ «ሒሳብን የት ነው የምትጠቀሚበት? ከክፍል ውጪ» ብለው ጠየቁኝ። የመብራት ሂሳብ የማካፍለው እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። «እሱን ጻፊ» አሉኝ።

የእኛ ግቢ የቀበሌ ቤት ነው። ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ወር በመጣ ቁጥር ጠብ አለ። ድሮ የሚካፈለው በአምፖል ቁጥር ነበር። ፍሪጅ የገዛ አለ፣ ቴሌቪዥኑን ሌሊት ሙሉ ከፍቶ የሚያድር አለ። የእኛ ቤት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው፤ ያውም በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁሉም ሳይወድ በውዱ እርከን ይከፍላል። አንድ አምፖል ብቻ ያላቸው እማማም ጭምር። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ በየቤቱ ያለውን ዕቃ ዋት መዝግቤ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቄ፣ አዲስ ክፍፍል ሠራሁ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከሁሉ በላይ መክፈል ያለባት እናቴ ሆና ተገኘች።

ይህንን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ አልበቃኝም፤ ጀርባውንም ሞላሁት።

ቃለ መጠይቁ ላይ የነበሩት መምህር ከአሥር ደቂቃው ስምንቱን የፈጁት በቆጣሪው ነው። «እናትሽ ምን አሉ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። እማዬ ያለችው «የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ መብራት ኃይል?» ነው። ሳቁ። ገባሁ። በኋላ ዘጠነኛ መውጣቴ ጉዳት አልነበረውም ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ካመለከቱት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር መጻፋቸውን ነገሩኝ። ሁሉም ሐኪም፣ ሁሉም አገሩን የሚያገለግል። ጥሩ ምኞት ነው፤ ግን ማን ከማን ይለያል?

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ጥበቃው ስሜን ከዝርዝር ፈልጎ ሲያገኘው፣ ቀልድ አይደለም፣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር የምንማረው። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲውድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ)፤ በወር አንድ ቀን ላብ፣ ማለትም ላቦራቶሪ። መምህራኑ አልፎ አልፎ ይመጣሉ እንጂ አብዛኛውን የሚያስተምሩን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው።

ላቡን አልረሳውም። እኛ ትምህርት ቤት ቡሬትን፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚለቀውን የመስታወት ቱቦ፣ በጠመኔ ተስሎ ነው የምናውቀው። እኔማ ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ሳምር ነበር የምስለው። እጄ ላይ ሲሆን ግን ቧንቧዋን መዝጋት አቃተኝ። ጠብታው ወረደ፣ ወረደ፣ ፈሳሹ በአንዴ ቀልቶ ቁጭ። «ይሄ የማን ደም ነው?» አለ አስጠኚያችን። ሦስት ጊዜ ሞክሬ በአራተኛው ፈዛዛ ሮዝ ሆነልኝ። የዚያን ዓመት የኬሚስትሪ ፋይናል ላይ የታይትሬሽን ጥያቄ ሲመጣ የተሳለውን ሥዕል አላሰብኩም፤ ያቺን ያስቸገረችኝን ቧንቧ ነው ያሰብኩት።

ከትምህርቱ እኩል የጠቀመኝ ግን የሻይ እረፍቱ ነው። አስጠኚዎቻችን አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። አንዱ ከወላይታ፣ አንዷ ከደብረ ታቦር። እኔ ግቢው አጥር ሥር ተወልጄ የማላውቀውን እነሱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ሳሉ ያውቁት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የሁሉም የጋራ እንደሆነ፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ በግቢ ውጤት እንደሆነ፣ ስለዚህ በማትሪክ ጥሩ አምጥቶ ፍሬሽማን ላይ የተኛ ልጅ የፈለገውን ሊያጣ እንደሚችል ከእነሱ ነው የሰማሁት። ክሬዲት ሰዓት ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ አልሳቁብኝም። አንዷ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው እንዴት እንደሚያጠኑ ነገረችኝ። እኔም ቤታችን አምስት ሆነን በአንድ ክፍል እንደምናድር ነገርኳት። «አንቺማ ተዘጋጅተሻል» አለችኝ።

ጥር ላይ የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ከ896,520 ተፈታኝ ግማሹን ነጥብ ያገኙት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ቀርተው የነበሩ ሁሉ ተመለሱ። በዝርዝሩ ላይ የሌሉ ልጆችም በር ላይ ቆመው ጥበቃውን ይለምኑ ነበር።

ችግሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። የዚያን ሰሞን ወላጆች ተጠሩ። አንድ የዩኒቨርሲቲው ሰው ንግግር አደረጉ። ከንግግሩ መካከል «ልጆቻችሁ የእኛ ልጆች ናቸው፣ ቅድሚያ እንሰጣቸዋለን» የሚል ቃል ነበረበት። ማንም እጁን አውጥቶ «የምን ቅድሚያ?» አላለም። እማዬ ወደ ቤት ስትመለስ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች» ብላ አወጀች። ሌሎች ወላጆችም የሰሙት እንዲሁ ነው። አንድ የክፍሌ ልጅ «እኛ እኮ ገብተናል፣ ምን ያስቸክለናል?» እያለ አሥራ ሁለተኛን በዚያ መንፈስ ጨረሰ።

ቅድሚያ የሚባል ነገር አልነበረም። መጨረሻ ላይ የተሰጠን የምስክር ወረቀት ነው። ያማረ ወረቀት ነው፤ እማዬ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ምደባ ላይ ግን አንድ ነጥብ አልጨመረም። ሊጨምርም አይችልም ነበር። ያኔ በእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰነው በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነበር። ካት ኦፍ፣ መቁረጫ ነጥቡ፣ ሲወጣ ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆችና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ነጥብ የወጣበት ጊዜ አለ። «አጋር ትምህርት ቤት» የሚል ዓምድ ግን እዚያ ሰንጠረዥ ላይ አላየሁም። ሰውየው ክፉ አስበው አይመስለኝም። ግን መድረክ ላይ የወጣች አንዲት ቃል ቤት ስትደርስ ምን እንደምትሆን ማሰብ ነበረባቸው።

እንግሊዝ አገር የተማሩ አንድ መምህራችን በኋላ ነገሩን አብራሩልን። ሌላ አገር ትስስሩ በእርግጥ ወንበር የሚያስገኝበት ቦታ አለ። ብሪስቶል ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው እስከ አምስት ተማሪ እንዲጠቁሙ ይጠይቃል፤ ለተጠቆሙት ከመደበኛው ዝቅ ያለ የመግቢያ ውጤት ይቀበላል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ የተገኘ ቢ፣ ውድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተገኘ ኤ ላያንስ ይችላል። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ ከየትምህርት ቤታቸው ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ከመቶ አሥሩ ውስጥ የወጡ ልጆች በክፍለ ግዛቱ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ያገኛሉ። «እናንተ የሰማችሁት የእነሱን ነው፣ ያላችሁበት ግን የእኛን ነው» አሉን።

የሚገርመው፣ እኛም አገር ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ነበር። ያውም ስድስት ኪሎ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልዑል በዕደ ማርያም የሚባል የላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ያስተምርና ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጅ ነበር። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ስለ እሱ ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። ያ ትምህርት ቤት ከሩቅ ያሉትን ያመጣ ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ያለነውንስ? ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «እናንተማ ቅርብ ናችሁ» አሉኝ። ቅርብ!

ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሰጣል የሚለው ይሁን። ዝግጅት ነው? ገንዘብ ነው? ወይስ ወንበር ነው? ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። ንግግር አድራጊው ሁሉንም በአንድ ላይ ይጠራቸዋል። የመግባቢያ ሰነዱን ለማየት ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ቅጂው አለ፤ ሚስጥር አይደለም። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅንም። በኋላ ሳየው ሦስት ገጽ ነው፤ «ቅድሚያ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

የገንዘቡን ነገር ልጨምር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለን አንድ የግል ኮሌጅ ባነር ይዞ መጣ። ከትምህርት ቤታችን ጋር ስምምነት እንዳለው፣ ለአሥር ልጆች ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጥ ተናገሩ። ቲሸርትና እስክሪብቶ ታደለ። ጓደኛዬ ደስ ብሏት ተመዘገበች። ነገሩ ሲገለጥ «ሙሉ» የተባለው የመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ነበር። ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ የላብ ክፍያ በራስ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ሁሉም በራስ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የመረጠችው የትምህርት መስክ በዚያ ካምፓስ ዕውቅና አልነበረውም፤ ዕውቅናው የነበረው ለሌላኛው ካምፓስ ነው። ይሄንን ወላጆች አያውቁትም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በየትምህርት መስኩና በየካምፓሱ ነው እንጂ በኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ስለዚህ «ዕውቅና አለን» ሲሏችሁ «ለየትኛው ትምህርት? ለየትኛው ሕንፃ?» በሉ። ሌላው፣ የግል ኮሌጅ ስለሆነ የማለፊያ ነጥቡ ይቀራል ማለት አይደለም። ለዲግሪ እዚያም ይጠየቃል።

ከሠላሳችን መጨረሻ ላይ የቀረነው አሥራ ሦስት ነን። ብዙዎቹ የወጡት በስንፍና አይደለም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ጉሊት ላይ እናቱን የሚያግዝ ልጅ አለ፤ ሊስትሮ የሚሠራ አለ። እኔንም እማዬ ቅዳሜን የለቀቀችልኝ ዓርብ ማታ እስከ አምስት ሰዓት አብሬያት እንድጋግር ተስማምተን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብሴ እንጀራ እንጀራ ይል ነበር።

የአንደኛዋ ጓደኛዬ ታሪክ ግን ይለያል። ቤታቸው ፒያሳ ነበር። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ቤታቸው ሲፈርስ ከከተማው ዳር ምትክ ቤት ደረሳቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ የራሳቸው ሽንት ቤት አለው፣ ውኃ አለው። አባቷ ግን «በቀን አራት ታክሲ አልችልም» ብለው እዚያው አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወሯት። ስትዛወር ከፕሮግራሙ ስሟ ወጣ። ስምምነቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው እንጂ ከልጅቷ ጋር አይደለም ተባለ። አምስት ወር ቀርቷት ነበር። ለአስተባባሪው ደብዳቤ ጻፍን፤ መልስ አልመጣም። ከዚያ አስጠኚያችን፣ የደብረ ታቦሯ፣ በራሷ ጊዜ ወርክሺቶቹን ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክላት ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ዝውውሩ ከመፈጸሙ በፊት አስተባባሪውን በአካል አነጋግሩ። ከሸኚ ደብዳቤው በፊት አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትቀጥል» ተብሎ ቢፈረም ኖሮ ጓደኛዬ አትቀርም ነበር። ካለፈ በኋላ ማንም ፋይል አያወጣም።

ከፕሮግራሙ የቀሩትን ልጆች የረዳቸው ሌላ ነገር አለ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ነው የተከፈተው። በነፃ ነው፤ የአጋር ትምህርት ቤት ልጅ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቤቱ ለማጥናት የማይመች ልጅ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። እኔም ከቅዳሜው ትምህርት በኋላ በአምስት ኪሎ በኩል ቁልቁል ወርጄ እዚያ እገባ ነበር። እውነት ለመናገር በዩኒቨርሲቲው በኩል «የቤተ መጻሕፍት ካርድ ይሰጣችኋል» የተባልነው ካርድ አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ድረስ አልመጣም፤ አብርሆት ነው የካሰኝ።

ፈተናውን ሐምሌ 2016 ላይ ተፈተንኩ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ባለማጥናት ሳይሆን በድንጋጤ ነው። አዳራሽ፣ ፍተሻ፣ የማያውቁት ግቢ። ለእኔ አዳራሹ ብርቅ አልነበረም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አውቃለሁ። የፕሮግራሙን ጥቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ ብትሉኝ ሽንት ቤቱን ማወቄ ነው እላለሁ። አልቀለድኩም።

ውጤት የወጣው ጳጉሜ ላይ ነው። ከ674,823 ተፈታኝ ግማሹን ነጥብ ያገኙት 36,409፣ ከመቶ 5.4። እኔ 57 ከመቶ አመጣሁ። ከአሥራ ሦስታችን አምስት አለፍን። ያ «ምን ያስቸክለናል» ያለው ልጅ አላለፈም፤ ግን ሬሜዲያል ገባ። ሬሜዲያል ማለት ግማሹን ያላገኙ ግን የተቀመጠላቸውን ነጥብ የደረሱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተምረው እንደገና የሚመዘኑበት ነው። ሠላሳው ከመቶ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሰባው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና። ልጁ እዚያ ሲገባ ቸከለ፤ አለፈም። አሁን እኔን ሲያገኘኝ «ቅድሚያ ተሰጥቶኝ ነው» እያለ ይቀልዳል።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ፈለግሁ። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ፣ ከ2017 ጀምሮ፣ ማትሪክ ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። አፕቲቲውዱ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ። ሰፈር ውስጥ የማውቃቸው ሦስት ልጆች ማትሪክ ሲያልፉ ሁሉም አለቀ ብለው ተኙ። ማመልከቻው በኦንላይን ነው፤ ቀኑ አጭር ነው። አንዷ ቀኑ ካለፈ ሰማች።

ስለ ማመልከቻ አንድ ነገር ልናገር፤ ከሁሉም በላይ ያንከራተተኝ እሱ ነው። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ዛሬውኑ አስተያዩ። የእኔ የአባቴ ስም ትራንስክሪፕቴ ላይ በአንድ ኤስ ነው፣ ፋይዳ መታወቂያዬ ላይ በሁለት። ይሄ አንድ ፊደል አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ እንደገና ትምህርት ቤት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ሲሞላ የተጻፈው ስም እስከ ዲግሪ ይከተላችኋል። ሲሞላ አጠገቡ ቁሙ። ጸሐፊዋ ብትቆጣም ቁሙ። ስልክ ቁጥርም የራሳችሁን አስገቡ፤ የካፌ ልጅ ቁጥር ያስገባ ልጅ አውቃለሁ፤ መልእክቱ ለካፌው ልጅ ደረሰው። ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን አትሙሉ፤ ሲስተሙ የሚጨናነቀው ያኔ ነው። እኔ የሞላሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እማዬ ሊጥ ልታቦካ ስትነሳ አብሬ ተነስቼ ነው።

አሁን አራት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ሳላስበው ቅዳሜ አስጠኚ ሆኛለሁ። ዘንድሮ ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዷ እኔ ነኝ። የመጣው ጽሑፍ ክምር ነው። «ሐኪም ሆኜ አገሬን» የሚለውን ሳገኝ አልጥለውም፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ሒሳብን ከክፍል ውጪ የት ትጠቀሚበታለሽ?» ብዬ ጽፌ እመልሰዋለሁ። ሁለተኛውን ይዘው የሚመጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። አንዱ የአባቱን የታክሲ ገቢ እንዴት እንደሚመዘግብ ጻፈ። አንዷ ደግሞ ዕቁብ ላይ የመጀመሪያው ዕጣ ለምን ከመጨረሻው እንደሚሻል አስልታ አመጣች፤ የዋጋ ንረቱን ሁሉ አስገብታ። እሷ ለማለፍ የእኔ ድምፅም አላስፈለጋት።

መጀመሪያ ቀን ወላጆች ሲሰበሰቡ እኔ ነኝ አሁን የምናገረው። ወንበር የለም፣ ነጥብ የለም፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ትምህርትና ላብ አለ እላለሁ። አንዳንዱ ወላጅ ፊቱ ይጠቁራል። ባለፈው አንዲት እናት «ታዲያ ምን ይሠራልናል?» አሉኝ። ልጃቸውን ወደ ላቡ ይዤ ሄድኩና ቡሬቷን አስያዝኩት። ፈሳሹ ቀይ ሆነ። «ድገመው» አልኩት። እናቱ በር ላይ ቆመው አራት ጊዜ እስኪደግም ጠበቁ።

የቆጣሪውን ሂሳብ አሁን ታናሽ ወንድሜ ይዞታል። ስምንተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር የእማዬን ምጣድ በቀን አንድ ሰዓት ቀንሶ መዝግቧል ተብሎ በጎረቤት ተከሷል። ሽማግሌ ተቀምጦበታል።